መሣሪያው በቀጭኑ ጫፍ ይለካ፦ ተራርቀው የሚሠሩ የምርምር ቡድኖች የመገናኛ ዘዴ ምርጫ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በእንሰት አጠውልግ በሽታ ላይ በተካሄደ አንድ የመስክ ጥናት በአስተባባሪነት ተሳትፌ ነበር። ቡድናችን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚውል አልነበረም። እኔ ጉብርዬ፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያው አዲስ አበባ፣ የመስክ ተቆጣጣሪው ቡታጅራ፣ ስድስቱ መረጃ ሰብሳቢዎች ደግሞ በደጋው ቀበሌዎች ተበታትነን ነበር የምንሠራው። መገናኛችን አንድ የቴሌግራም ቡድን ብቻ ነበር። አንድ እሑድ ማታ ከመጠይቁ ጥያቄዎች አንዱ አሻሚ መሆኑን ደርሰንበት አስተካከልነውና አዲሱን ቅጽ በቡድኑ ላይ ለቀቅነው። አራቱ መረጃ ሰብሳቢዎች የአውራ ጣት ምልክት መለሱ፤ ሁለቱ ዝም አሉ። ዝምታቸውን እንደ ስምምነት ቆጠርነው። ሐሙስ ዕለት ተቆጣጣሪው እስከ ቀበሌዎቹ ድረስ ሲወጣ ሁለቱም በአሮጌው ቅጽ እየሠሩ አገኛቸው።

የመጀመሪያ ምላሻችን ቁጣ ነበር። «ቸልተኞች ናቸው» አልን፤ የአራቱ ቀን አበላቸው ይቆረጥ የሚል ሐሳብም ቀረበ። ነገሩ ሲጣራ ግን አንደኛው ባለበት ቀበሌ መብራት ከጠፋ ቀናት ተቆጥረው ስልኩ ተዘግቶ ኖሯል። ሁለተኛዋ የኢንተርኔት ጥቅል በራሷ ገንዘብ እየገዛች ስትሠራ ቆይታ፣ በዚያ ሳምንት የምትገዛበት ገንዘብ አልነበራትም። መልእክቱ ለሁለቱም አልደረሳቸውም። አበላቸው አልተቆረጠም፤ መረጃውም በድጋሚ ተሰበሰበ። በእኛ ጥፋት በራቸው ሁለት ጊዜ የተንኳኳባቸውና ያንኑ ጥያቄ ሁለት ጊዜ የመለሱት አርሶ አደሮች ግን ስለ ጠፋው ጊዜያቸው ምንም አልተካሱም።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ገጠመኝ የተነሣ የግል አቋም ነው። አቋሙም እንዲህ ይጠቃለላል፦ ተራርቆ ለሚሠራ ቡድን የመገናኛ መሣሪያ ሲመረጥ መለኪያው የዋናው ቢሮ ምቾት ሊሆን አይገባም። መለኪያው ግንኙነቱ ከሁሉ የሳሳበት የቡድኑ አባል የሚገኝበት ሁኔታ ነው። በቀጭኑ ጫፍ የማይሠራ መሣሪያ በወፍራሙ ጫፍ ምንም ያህል ቢያምር ለቡድኑ የሚሠራ መሣሪያ አይደለም።

ርቀት በእኛ አካባቢ

ጉዳዩ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ሩቅ አይደለም። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወደ 155 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ዩኒቨርሲቲው ያለውም ከከተማዋ ወጣ ብሎ ጉብርዬ ላይ ነው። ቡታጅራ በካርታ ላይ ስትታይ ቅርብ ትመስላለች፤ ነገር ግን በሁለቱ ከተሞች መካከል የጉራጌ ተራሮች ቆመዋል። ዛሬ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ በመሆኗ፣ ተራራውን ተሻግሮ ለሚሠራ ጥናት የድጋፍ ደብዳቤ የሚጠየቀው ከሁለት የዞን አስተዳደሮች ነው። የክልሉ ርእሰ ከተማ ደግሞ ሆሳዕና ነች። በዚህ ሁሉ ላይ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪው አማካሪ አዲስ አበባ ወይም ጅማ፣ ረዳት አማካሪው ወልቂጤ፣ መረጃ ሰብሳቢዎቹ ቸሃና መስቃን ወረዳ ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ። ማንም «ተራርቆ የሚሠራ ቡድን» ብሎ ባይሰይመውም እያንዳንዱ የመመረቂያ ጥናት ማለት ይቻላል እንዲህ ያለ ቡድን ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ቡድን መሣሪያ የሚመረጠው እንዴት ነው? ባየኋቸው ጥናቶች ብዙውን ጊዜ ምርጫ የሚባል ነገር አይደረግም። ከአባላቱ አንዱ በስልኩ የቴሌግራም ቡድን ይከፍትና ሌሎቹን ያስገባል፤ ጉዳዩም በዚያው ያልቃል። በጥናት ንድፉ ውስጥ የናሙና አመራረጡ፣ የመጠይቁ አዘገጃጀትና የትንተናው ዘዴ በየገጹ ተብራርተው እናነባለን። የቡድኑ አባላት እርስ በርስ እንዴት እንደሚገናኙ ግን አንድ አንቀጽ እንኳን ሲሰጠው አይታይም። የመረጃው ጥራት ከናሙናው ባልተናነሰ በዚህ ግንኙነት ላይ የቆመ ስለሆነ ዝምታው ትልቅ ክፍተት ነው።

ንድፈ ሐሳቡ የሚለውና የሚዘለው

በመስኩ ብዙ ከሚጠቀሱት ሥራዎች አንዱ ሪቻርድ ዳፍትና ሮበርት ሌንግል እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረቡት የመገናኛ ዘዴ ብልጽግና ንድፈ ሐሳብ ነው። እንደ ሁለቱ አጥኚዎች አገላለጽ መገናኛ ዘዴዎች መልእክትን የመሸከም አቅማቸው ይለያያል። በአካል መገናኘት ፊትን፣ ድምፅን፣ እንቅስቃሴንና ፈጣን ምላሽን አንድ ላይ ስለሚይዝ ከሁሉ የበለጸገ ነው፤ በጽሑፍ የሚላክ ማስታወቂያ ደግሞ ከድሆቹ ይመደባል። አሻሚና ለብዙ ትርጉም ክፍት የሆነ ጉዳይ የበለጸገ ዘዴ ይፈልጋል፤ ግልጽና የተለመደ መረጃ ግን በድሃው ዘዴ ቢተላለፍ ይበቃዋል። ይህ አስተሳሰብ ጠቃሚ ነው። በእኛ ጉዳይ የመጠይቁ ለውጥ ማብራሪያ የሚሻ ሆኖ ሳለ ያለ አንድ ቃል ማብራሪያ የተላከ ፋይል ብቻ ሆኖ መቅረቱ ስሕተት እንደ ነበር ያስረዳናል።

ይሁን እንጂ ንድፈ ሐሳቡ አንድ ነገር ታሳቢ ያደርጋል፤ ይኸውም የተመረጠው ዘዴ ለሁሉም አባላት እኩል መድረሱ ነው። በቪዲዮ የሚደረግ ስብሰባ ከኢሜይል ይልቅ የበለጸገ ነው ሲባል፣ በተሰብሳቢው ሁሉ ስልክ ላይ ምስሉ ሳይቆራረጥ ይታያል ተብሎ ነው። ጉብርዬ ላይ በቢሮ ኢንተርኔት የሚታየው የዙም ስብሰባ፣ በደጋ ቀበሌ ኮረብታ ላይ ለቆመ ሰው የተቆራረጠ ድምፅ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብልጽግና መለካት ያለበት በላኪው ማያ ላይ በሚታየው ሳይሆን በተቀባዩ እጅ በሚደርሰው ነው።

ለእኛ ሁኔታ ይበልጥ የሚቀርበው ካትሪን ክራምተን እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተመችው ጥናት ነው። ክራምተን በተለያዩ አገሮች የሚገኙ ተማሪዎችን ያቀፉ ቡድኖችን መርምራ፣ ዋናው ችግራቸው የጋራ ዕውቀት መጓደል መሆኑን አሳየች። አባላቱ አንዱ ሌላው ያለበትን ሁኔታ አያውቅም፤ ያው መልእክት ለሁሉም አይደርስም፤ ከመልእክቱ ውስጥ የትኛው ክፍል ዋና እንደ ሆነ ላኪውና ተቀባዩ ለየቅል ይረዳሉ፤ የግንኙነቱ ፍጥነት ይለያያል፤ ዝምታም በየፊናው ይተረጎማል። ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚስበው የመጨረሻው ነው። ሩቅ ያለ ባልደረባ ዝም ሲል፣ ያለበትን ሁኔታ ስለማናይ ጥፋቱን በሁኔታው ላይ ሳይሆን በጠባዩ ላይ እናሳብባለን።

«ዝምታ ወርቅ ነው» በሚል አገር ደግሞ ዝምታ ከአንድ በላይ ትርጉም አለው። መስማማት ሊሆን ይችላል፤ አክብሮት ሊሆን ይችላል፤ አለመስማማትን በጨዋ ደንብ መግለጫ ሊሆን ይችላል፤ ባትሪ ማለቅም ሊሆን ይችላል። እኛ ያን እሑድ ማታ ከእነዚህ ሁሉ የሚመቸንን መረጥን፤ ሐሙስ ቀን ደግሞ የሚያስቆጣንን። በሁለቱም ጊዜ ዝምታውን የተረጎምነው ሁለቱን ሰዎች ሳንጠይቅ ነው።

ከቡታጅራ የምንማረው

ተራርቆ መሥራት ከስማርት ስልክ ጋር የመጣ አይደለም። ለዚህ ሩቅ ሳንሄድ ቡታጅራን መመልከት በቂ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ክፍልና የስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ በትብብር የጀመሩት የቡታጅራ ገጠር ጤና መርሐ ግብር ከ1979 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1987) አንሥቶ በዘጠኝ የገጠርና በአንድ የከተማ ቀበሌ የሚኖረውን ሕዝብ ልደት፣ ሞት፣ ጋብቻና ፍልሰት ሲመዘግብ ኖሯል። በመነሻው ቆጠራ የተመዘገበው ሕዝብ ከ28,000 በላይ ነበር። ከዚህ መዝገብ ላይ የሕፃናት ሞትን፣ የእናቶች ጤናንና የአእምሮ ሕመምን የሚመለከቱ በርካታ ጥናቶች ተሠርተዋል፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችም የዶክትሬት ሥራቸውን በእርሱ ላይ መሥርተዋል።

አሁን ቡድኑን በመገናኛ ዓይን እንመልከተው። አንዱ ጫፍ ስዊድን ነው፤ ቀጥሎ አዲስ አበባ፤ ከዚያ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ የቡታጅራው የመስክ ጽሕፈት ቤት፤ በመጨረሻም ከቆላ እስከ ደጋ በተዘረጉት ቀበሌዎች ውስጥ ቤት ለቤት የሚዞሩት መዝጋቢዎች። ሥራው ሲጀመር ተንቀሳቃሽ ስልክ አልነበረም፤ ኢንተርኔትም አልነበረም። የሆነ ሆኖ መዝገቡ ቆመ፤ ለአሥርት ዓመታትም ዘለቀ።

እንዴት? በእኔ ግምት መልሱ ሥርዓቱ የታነጸው ከመዝጋቢው ተነሥቶ ወደ ላይ በመሆኑ ላይ ነው። መዝጋቢው እዚያው አካባቢ የሚኖር ሰው ነበር። ምን ሲሆን ምን እንደሚመዘግብ አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ ለእያንዳንዱ ክስተት የተለየ ቅጽ ነበረው። ቤቶቹን በየወሩ ስለሚጎበኝ የሥራው ምት የታወቀ ነበር። ተቆጣጣሪው ቅጹን የሚፈትሸው በአካል ተገኝቶ በመሆኑ ጥያቄ ያለው መዝጋቢ የሚጠይቀው ሰው ያገኛል። ዛሬ በተመራማሪዎች ቋንቋ «በጊዜ ያልተሳሰረ ግንኙነት» የምንለውን ወረቀቱ ይሠራው ነበር፤ «በጊዜ የተሳሰረውን» ደግሞ የተቆጣጣሪው ጉብኝት። ሁለቱ አልተደበላለቁም፤ መዝገቡ በወረቀት ላይ ቀረ፣ ውይይቱ በአካል ተደረገ።

ይህን ስል ወደ ወረቀት እንመለስ ማለቴ አይደለም። ወረቀት ይጠፋል፣ ይረጥባል፣ ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጥ ይሳሳታል። ትምህርቱ ያለው በመሣሪያው ውስጥ ሳይሆን በአመራረጡ ቅደም ተከተል ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ የመጨረሻው ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል ተጠየቀ፣ መሣሪያው የተከተለው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው፤ መሣሪያውን አስቀድመን፣ ሰውየው እንዲከተለው ጠበቅን።

ከመምረጥ በፊት የሚጠየቁ ሦስት ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ «በቡድኑ ውስጥ ግንኙነቱ ከሁሉ የሳሳው የማን ነው?» የሚል ነው። መልሱ በግምት አይገኝም፤ ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱን አባል መጠየቅ ያስፈልጋል። ስልኩ ስማርት ነው ወይስ ባለ ቁልፍ? በሚሠራበት ቀበሌ መብራት አለ? ኔትወርኩ የሚገኘው በየትኛው ሰዓትና የት ቆሞ ነው? ጥቅሉን የሚገዛው ማን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ከቴክኒክ ይልቅ የፍትሕ ጥያቄ ነው። በጥናት በጀቶች ውስጥ ለነዳጅ፣ ለወረቀትና ለአበል መደብ ይያዛል፤ ለመረጃ ሰብሳቢው የስልክ ካርድ ግን ብዙ ጊዜ አይያዝም። ካልተያዘ የጥናቱን የመገናኛ ወጪ የሚሸፍነው ከቡድኑ ሁሉ ዝቅተኛውን ክፍያ የሚያገኘው ሰው ነው ማለት ነው።

የሁለተኛው ጥያቄ «የሚተላለፈው ነገር ምን ዓይነት ነው?» የሚል ነው። መስማማትን የሚሻ ጉዳይ ሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ የሚነጋገሩበትን መንገድ ይፈልጋል፤ በእኛ ሁኔታ ከሁሉ አስተማማኙ ተራ የስልክ ጥሪ ነው። ጥሪ ስማርት ስልክ አይጠይቅም፤ ከኢንተርኔት ይልቅ በደካማ ኔትወርክ ይሠራል፤ «ገባህ?» «ገባሽ?» ብሎ ለመጠየቅም ያስችላል። አጭር ማሳሰቢያ በስልክ የጽሑፍ መልእክት ሊላክ ይችላል፤ ነገር ግን በፊደላችን የሚጻፍ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ሆሄያትን ብቻ እንደ ሆነ፣ ከዚያ ሲያልፍ እየተከፋፈለ እንደሚላክና እንደሚያስከፍል ማወቅ ይገባል። ስለዚህ «አዲስ ቅጽ አለ፤ ሥራ ከመጀመርህ በፊት ደውል» የሚል መልእክት ከረጅም ማብራሪያ ይልቅ ይሠራል።

በተግባር ጠቃሚ ሆኖ ያገኘሁት የቴሌግራም የድምፅ መልእክት ነው። በጉራጌኛ ለመናገር የሚቀናው፣ በአማርኛ ለመጻፍ ግን የሚያመነታ መረጃ ሰብሳቢ የገጠመውን በድምፅ ሲያስረዳ ጽሑፉ ላይ የማይገኝ ዝርዝር ይሰማል። ጉድለቱ ደግሞ ድምፅ በቃል የማይፈለግ መሆኑ ነው። ከሁለት ወር በኋላ «ያን ቤት ለምን ዘለልነው?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ መልሱን ለማግኘት በመቶ የሚቆጠሩ የድምፅ መልእክቶችን ማዳመጥ አይችልም። ስለዚህ በድምፅ የደረሰ ቁም ነገር በዚያው ዕለት በጽሑፍ መመዝገብ አለበት።

ይህ ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ይወስደናል፤ «ውሳኔውና መረጃው የሚቀመጠው የት ነው?» የወሬው ቦታና የመዝገቡ ቦታ አንድ ሲሆኑ ሁለት አደጋ አለ። የመጀመሪያው መቋረጥ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሦስት ሳምንታት ገደማ እንደ ቆየ፣ ከየካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተዘግተው እስከ ሐምሌ እንደ ዘለቁ የምናስታውሰው ነው። ሁሉን ነገሩን በአንድ መተግበሪያ ላይ ያስቀመጠ ቡድን በእነዚያ ወራት ከባልደረቦቹ ብቻ ሳይሆን ከራሱ መዝገብም ይቆራረጣል። በየስልኩ ቪፒኤን የጫነ ይገኛል፤ ነገር ግን የምርምር ሥራ ሁሉም አባል በማይችለው ብልሃት ላይ ሊመሠረት አይገባም።

ሁለተኛው አደጋ ምስጢር ነው። የተሳታፊዎች ስም የሰፈረባቸው የፈቃድ ቅጾች ፎቶ ተነሥተው በቡድን ውይይት ላይ ሲለጠፉ አይቻለሁ። ላኪው ሥራውን ለማሳወቅ ብሎ ነው። ይሁንና ያ ምስል በእያንዳንዱ አባል ስልክ ላይ ይቀመጣል፤ ስልኩ ሲሸጥ፣ ሲጠፋ ወይም ልጆች ሲጫወቱበት የተሳታፊው ስም አብሮ ይሄዳል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ጉዳዩ የሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን የሕግም ነው።

መዝገቡን ለብቻው ለማስቀመጥ የተሻሉ መንገዶች አሉ። ኦዲኬና ኮቦ የመሳሰሉት የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያዎች ኢንተርኔት በሌለበት ቅጹን ለመሙላት፣ ኔትወርክ ሲገኝ ደግሞ ለመላክ ያስችላሉ። ይህ ቀጭኑን ጫፍ ያከበረ አሠራር ነው። ነገር ግን እነርሱም ቢሆኑ ብቻቸውን አያድኑም። ቅጹ ሲሻሻል አዲሱ እትም ወደ ስልኩ የሚወርደው ኢንተርኔት ሲኖር ነው፤ እስከዚያ ሰብሳቢው በአሮጌው ይሠራል። የእኛ ቡድን ኦዲኬን ቢጠቀም ኖሮ እንኳን ያ የእሑድ ማታ ስሕተት ሊደገም ይችል ነበር። የሚያስቀረው አንድ ደንብ ነው፦ ቅጽ ከተለወጠ እያንዳንዱ ሰብሳቢ አዲሱን ቅጽ መቀበሉን በስልክ ጥሪ እስኪያረጋግጥ ድረስ ሥራው ይቁም።

በአካል መገናኘት የሚተካ ነገር አይደለም

ጋሪና ጁዲት ኦልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት የታወቀ ጥናት፣ ቴክኖሎጂ ምንም ያህል ቢራቀቅ ርቀት ለሥራ ቡድኖች ትርጉሙን እንደማያጣ ተከራክረዋል። እንደ እነርሱ አባባል በሩቅ ሆነው የሚሳካላቸው አስቀድመው የጋራ መግባባት ያላቸውና ሥራቸው በግልጽ የተከፋፈለ ቡድኖች ናቸው።

ይህን የጉራጌ ሕዝብ ከማንም በላይ ያውቀዋል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ከቤተሰቡ ግማሹ አዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በንግድ ተሠማርቶ፣ ግማሹ እንሰቱን እየጠበቀ የኖረ ሕዝብ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በከተማ ያሉት ነጋዴዎችና በአገር ቤት ያሉት ገበሬዎች ተባብረው መንገድ ለማሠራት ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ ሥራው ተራርቀው በሚኖሩ ሰዎች መካከል መተማመንን ይጠይቅ ነበር። ዓመቱን ሙሉ በደብዳቤና በመልእክተኛ ይገናኝ የነበረው ሕዝብ ለመስቀል ወይም ለአረፋ ወደ ቀዬው ይመለስ ነበር፤ አሁንም ይመለሳል። ክትፎው ከተበላ በኋላ ስለ መሬት፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ መዋጮና ስለ ዕርቅ ይነጋገራል። የዓመቱ መልእክት ሁሉ የሚቆመው በዚያ መገናኘት ላይ ነው።

የምርምር ቡድንም የራሱ መስቀል ያስፈልገዋል። ቢያንስ ሥራው ሲጀመርና እኩሌታው ላይ ሲደርስ ዋና ተመራማሪው፣ ተቆጣጣሪውና መረጃ ሰብሳቢዎቹ በአንድ ቦታ ቢገናኙ፣ ከዚያ በኋላ የሚላከው አጭር መልእክት ሁሉ የሚታወቅ ፊትና የሚታወቅ ድምፅ ይኖረዋል። እኔ ሁለቱን ዝም ያሉ ሰብሳቢዎች ቀድሜ በአካል አግኝቼ አላውቅም ነበር። ባውቃቸው ኖሮ ምናልባት «ቸልተኞች» ከማለቴ በፊት እደውል ነበር።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንዳንድ ባልደረቦች ይህ አካሄድ ሥራን ያዘገያል ይላሉ። በቀጭኑ ጫፍ ከተለካ ፈጣኑ ሁሉ በዘገምተኛው ይታሰራል፤ በጉብርዬና በአዲስ አበባ መካከል በደቂቃ የሚያልቀው ጉዳይ ደጋ ያለ ሰው ኔትወርክ እስኪያገኝ መጠበቅ አለበት ማለት ነው። ክርክሩ እውነትነት አለው። መልሴ ግን ሁሉም ጉዳይ ሁሉንም አባል አይመለከትም የሚል ነው። የትንተናው ሁለት ባለሙያዎች በፈለጉት የበለጸገ መሣሪያ ይነጋገሩ። መለኪያዬ የሚሠራው መረጃ ሰብሳቢውን በሚነካ ውሳኔ ላይ ነው፤ በዚያ ላይ ግን የሚጠፋው ጊዜ ኋላ ከሚደገመው ሥራ ያነሰ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ችግሩ ጊዜያዊ ነው የሚል ነው። የኢትዮ ቴሌኮም መረብ እየሰፋ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሳፋሪኮምም ገበያው ውስጥ ገብቷል፤ ጥቂት ዓመት ቢቆይ ሁሉም ቀበሌ ፈጣን ኢንተርኔት ያገኛል ይባላል። ይህ እንዲሆን ሁላችንም እንመኛለን። ነገር ግን የዘንድሮውን ጥናት በከርሞ ኔትወርክ መንደፍ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ነው። ደግሞም መረቡ ሲሰፋ ቀጭኑ ጫፍ ቦታውን ይቀይራል እንጂ አይጠፋም። ዛሬ የኔትወርክ ችግር የሆነው ነገ የባትሪ፣ የገንዘብ፣ የቋንቋ ወይም አለቃን ለመጠየቅ የመድፈር ችግር ሆኖ ይገኛል።

ምክረ ሐሳብ

ሐሳቤን በሦስት ተግባራዊ ነጥቦች ልዝጋ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ የጥናት ንድፍ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ የግንኙነት ስምምነት አባሪ ይኑረው። በዚህ ገጽ ላይ አስቸኳይ ጉዳይ በምን፣ የዕለት ሪፖርት በምን፣ የቅጽ ለውጥ በምን እንደሚተላለፍ፣ መልስ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚጠበቅ፣ መልስ ካልመጣ ማን ለማን እንደሚደውል፣ ዋናው መንገድ ሲዘጋ ሁለተኛው ምን እንደ ሆነ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ የመረጃ ሰብሳቢዎች የስልክ ካርድና የኢንተርኔት ጥቅል በጥናቱ በጀት ውስጥ ራሱን የቻለ መደብ ይያዝለት፤ ለደጋው ቀበሌም ተንቀሳቃሽ የባትሪ መሙያ ይጨመርበት። ሦስተኛ፣ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴዎች የተሳታፊዎች መረጃ የት እንደሚቀመጥ እንደሚጠይቁ ሁሉ በየትኛው የመገናኛ መሣሪያ እንደሚያልፍም ይጠይቁ።

ከነዚህ ሦስቱ አንዱም ውድ ሶፍትዌር አይጠይቅም። የሚጠይቁት መጠይቁን ከማተማችን በፊት ከደጋ ቀበሌዋ ሰብሳቢ ጋር ተቀምጠን «ያለሽበት ድረስ ምን ይደርሳል?» ብለን እንድንጠይቃትና የምትሰጠንን መልስ በጥናት ንድፋችን ላይ እንድናሰፍር ነው። እኛ ይህን ጥያቄ የጠየቅናት የአራት ቀን ሥራ ከጠፋና አበሏን ለመቁረጥ ከተማከርን በኋላ ነበር።